የቀጋ ሜዳዋ ይመኙሻል፣ የልጇ ተማሪ

ልጄ ትርሲት አራተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ፣ «እማዬ፣ ትናንት በቃሌ የተወጣሁት ዛሬ የት ሄደ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ስለ ዝናብ የሚናገር ትምህርት ነበር። ማታ ፊቴ ቆማ ከላይ እስከ ታች አንበልብላዋለች። እኔም ደብተሩን ይዤ ቃል በቃል ተከታትዬ «ጎበዝ» ብያታለሁ። መምህርቷ ግን ከመሃል አንድ ነገር ስትጠይቃት ሁሉም ጠፋባት። ፈተናው ዓርብ ነው። «ደደብ ነኝ መሰለኝ» አለችኝ።

እኔ የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። በልቤ «አቤቱ፣ አንተ አመልክተኝ» አልኩና አማቴ ነፍሳቸውን ይማርና ይነግሩን የነበረውን የይመኙሻልን ነገር ነገርኳት። ያኔ ስሰማው ደንግጬ ነበር፤ አሁንም ስጽፈው እደነግጣለሁ።

ሰው ዕድሜውን በክረምት ብዛት በሚቆጥርበት፣ አዋጅ በነጋሪት በሚሰማበት በዚያ ዘመን፣ ቀጋ ሜዳ በምትባል መንደር ይመኙሻል የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ውሃ ቀጂ ነበረች። ለቤተ ክርስቲያኑ ትቀዳለች፣ ለየኔታ ልሳኑ ትቀዳለች፣ ለደጋሽ ሁሉ ትቀዳለች። ፊደል አታውቅም። ያላት አንድ ልጅና አንዲት ፍየል ነው።

ልጇ እንግዳወርቅ ግን የመንደሩ መመኪያ ነበር። የኔታ ልሳኑ ዘንድ ፊደል ሲቆጥር ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማ ነበር። ፊደሉን ጨረሰ ተባለ። ዳዊቱንም ጨረሰ ተባለ። ከፋሲካ በኋላ ጳጳሱ ዘንድ ሄዶ ዲቁና ሊቀበል ነው። ሰው ሁሉ «ያንቺስ ማሕፀን ይባረክ» ይላታል። እሷም እንስራዋን አዝላ እያለቀሰች ታመሰግናለች።

የመጀመሪያው ነገር እንዲህ ሆነ። ፍየሏ ገመዷን በጥሳ የኔታ ግቢ ገባች። ከዛፉ ግንድ ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የፊደል ብራና አገኘችና የላይኛዎቹን አራት መስመሮች ግጣ በላቻቸው። ይመኙሻል እያለከለከች ደረሰች።

«የኔታ፣ በእግዚአብሔር ይማሩኝ!»

«የወንድሟን ቆዳ በላች እኮ!» አለ አንዱ ተማሪ፤ ሁሉም ሳቁ።

የኔታ ልሳኑ ደግ ሰው ነበሩ። ነገር ግን ዓይናቸው ከደከመ ሰባት ክረምት አልፎታል፤ የሚያስተምሩት በጆሯቸው ነበር። «ተይው፣ ሌላ ብራና እስኪፋቅ በዚሁ ይማራሉ። በሉ፣ ከላይ ጀምሩ» አሉ።

ልጆቹ ጀመሩ። ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ። የሚጠቁሙበት ስንደዶ ከተበላው ቦታ ላይ፣ ከባዶው ላይ፣ ከዛፉ ቅርፊት ላይ እየዘለለ ሄደ። አንድም ልጅ አልቆመም። አንድም ልጅ «የታለ?» አላለም። ዜማው አልተሰበረም። በመጨረሻ እንግዳወርቅ ተነሣ፤ የእሱም ስንደዶ ቅርፊቱ ላይ ለ፣ ሉ፣ ሊ እያለ ነጎደ።

ይመኙሻል አፏን በእጇ ያዘች። ፊደል አታውቅም፤ ቅርፊት ግን ታውቃለች።

ሁለተኛው ነገር በማግስቱ ሆነ። ይመኙሻል የቅል ስባሪ አነሣች። በወስፌ በሳችው። ተማሪዎቹ ሲበተኑ ልጇን አስቀርታ ቅሉን ከብራናው መሃል ላይ ደፋችው። በቀዳዳው አንዲት ፊደል ብቻ ታየች።

«ይቺ ማን ናት?»

«ቆይ እማ፣ ከመጀመሪያ ልጀምር።»

«ከመጀመሪያ አትጀምር። ይቺ ማን ናት?»

«ረ ናት» አለ።

ወደ ሌላ ፊደል ወሰደችው። ደግሞ ወደ ሌላ። ከዚያ ወደ መጀመሪያዋ መለሰችው። «ይቺስ?»

«ይቺ ቀ ናት።»

እንደገና ዞራ መለሰችው። «ነ ናት» አለ። ለአንዲት ፊደል ሦስት ስም አወጣላት! ይመኙሻል የፊደሏን እውነተኛ ስም አታውቅም። ነገር ግን ክርስትና የሚነሣ ሰው ሦስት ጊዜ ሦስት ስም እንደማይወጣለት ታውቃለች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

ለየኔታ ነገረቻቸው። የኔታ በመቋሚያቸው መሬቱን መቱና፣ «አንቺ ውሃ ቀጂ! እንስራሽ ስለ ሞላ ራስሽም የሞላ መሰለሽ? እኔም እንዲሁ ነው የተማርኩት። ደግሞ እናት በልጇ ትመቀኛለች?» አሏት። ልጇም እግሯ ላይ ወደቀ። «እማ፣ አታጋልጪኝ። ዲቁናውን ልቀበልና ቀስ ብዬ እማራለሁ።» እናት ናትና ዝም አለች። እንስራዋን አዝላ ዝም አለች፣ ቤተ ክርስቲያን ቆማ ዝም አለች። ጸሎቷ ግን እምቢ አላት፤ «አባታችን ሆይ» ብላ ጀምራ ሳትጨርሰው ትተወዋለች።

ሦስተኛው ነገር እሑድ ቀን ሆነ። በጋው ከፍቶ ሣሩ አልቋል። መንደሩ በማግስቱ ከብቱን ሁሉ ወደ ቆላ ሊያወርድ ተሰናድቷል። ከቅዳሴ በኋላ መልእክተኛ ደረሰ። በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ደብዳቤ ይዟል። የጭቃ ሹሙ የባሻ ደምለው ወንድም ከቆላ የላከው ነው።

«እንግዳወርቅ ያንብብልን!» አለ ሰው።

ልጁ ደብዳቤውን ዘረጋ። ጣቱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አኖረ። «ይድረስ ለተከበርከው ወንድሜ ለባሻ ደምለው። እንዴት ሰንብተሃል? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ። ከብቱም ደኅና ነው፣ ሣሩም ለምልሟል…» አለ። ድምፁ ያምራል። ሴቶች እልል አሉ። ባሻ ደምለው፣ «ሰማችሁ? ነገ በዶሮ ጩኸት እንነሣ!» አሉ።

ይመኙሻል የልጇን ጣት አየች። ንባቡ አልቋል፤ ጣቱ ግን ከመጀመሪያው መስመር ንቅንቅ አላለም። ልጁ ያነበበው ወረቀቱን አልነበረም። ደብዳቤ ሁሉ የሚጀመርበትን ሰላምታ በቃሉ አወረደው፤ ሣሩን ከራሱ ጨመረበት።

ሴት በጉባኤ መካከል በማትናገርበት ዘመን ተነሣች።

«ልጄ አላነበበም!»

እልልታው በአፍ ቀረ።

«አበደች እንዴ?» አሉ ባሻ ደምለው።

«አላበድኩም፣ ጌታዬ። ልጄ ማንበብ አይችልም። እያወቅሁ ደበቅሁ። የቀደሱት ቄስ ሳይሄዱ ያንብቡት።»

ቄሱ ለቅዳሴ ከሌላ ደብር የሚመጡ ነበሩ፤ ልብሰ ተክህኖ አውልቀው ሲወጡ ደብዳቤውን ሰጧቸው። ገና ሁለት መስመር እንደሄዱ ፊታቸው ተለወጠ። «ከብት እንዳታወርዱ። በሽታ ገብቷል። የእኔ አርባ በሬና ላም በስድስት ቀን አለቀ። በሽተኛ ከብት ከጠጣበት ውሃ የጠጣ አይተርፍም።»

የተሰናዳው ከብት ከአጥሩ ማዶ ያገሳ ነበር። ባሻ ደምለው ጭንቅላታቸውን ይዘው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። እንግዳወርቅ ነጠላውን ተከናንቦ ሮጠ። የኔታ ልሳኑ እየዳበሱ ወደ ይመኙሻል መጡ፤ እጇን ይዘው፣ «ሰባት ክረምት ሙሉ ዜማ ሳስተምር ነበር። ምን ይሻለኛል?» ብለው አለቀሱ።

እሷም፣ «የኔታ፣ የሚያውቁትን ሰዎች ዜማው ያታልላቸዋል፤ እኔን ግን ማታለል አይችልም፤ የማውቀው የለኝማ። ልጄ እኔን ያስተምረኝ» አለች።

እንግዳወርቅ ሦስት ቀን አኩርፎ ተኛ። «አዋረድሽኝ» አላት። «አዎ፣ አዋረድኩህ። አሁን ተነሥና አስተምረኝ» አለችው። በአራተኛው ቀን ተነሣ። እሱ በርጩማ ላይ፣ እሷ መሬት ላይ ተቀመጡ። በአዲሱ ብራና ላይ በቀን ሦስት ፊደል ብቻ፤ የአንዷ ስም ሲጠፋው ከላይ ጀምሮ በዜማው ቆጥሮ ያገኘዋል። አዲሱ ከመነሣቱ በፊት የትናንቱ ይጠየቃል፤ የትናንቱ ከመነሣቱ በፊት ያለፈው ሳምንት ይጠየቃል፤ ሁሉም በቅሉ ቀዳዳ፣ ሁሉም ያለ ተራው። «ይቺ ከዚያችኛዋ በምን ትለያለች? አልገባኝም» ትለዋለች። እሱም ሊያስረዳት ሲል ያላወቀውን ያገኘዋል። ሌሎቹም ልጆች እናቶቻቸውን ማስተማር ጀመሩ። እንግዳወርቅ ዲቁናውን ሦስት ዓመት ዘግይቶ ተቀበለ። ጳጳሱ መጽሐፉን ከመሃል ገልጠው ቢሰጡት፣ ከመሃል አነበበ።

ይመኙሻል እስክትሞት ውሃ ቀዳች። ዳዊቷን ግን ራሷ እያነበበች ሞተች። አማቴ እንደሚሉት በዚያ አገር ልጅ ትምህርት ሲጀምር መጀመሪያ በርጩማው ለእሱ ይሰጠዋል፤ እናቱ መሬት ትቀመጣለች። የተማረውን እያንበለበለ የሚኩራራም ካለ ሽማግሌዎቹ «እስቲ ለይመኙሻል አስረዳት» ይሉታል።

ትርሲት ሰምታ ስትጨርስ ዓይኗ ፈጦ፣ «በሰው ሁሉ ፊት? የገዛ ልጇን?» አለችኝና ተኛች።

በማግስቱ ጠዋት ደብተሯን ከድኜ ከጉልበቴ ሥር አደረግሁት። ሻይ በድስት ጥጄ ነበር። ምንጣፉ ላይ ተቀመጥኩና፣ «መምህርት ትርሲት፣ እኔ ምንም አላውቅም። ዝናብ ከየት ነው የሚመጣው?» አልኳት።

ሳቀች። «የምድር ውሃ በፀሐይ ሙቀት ይተናል፣ ተኖም ይቀዘቅዛል፣ ቀዝቅዞም…» ብላ ነጎደች።

«ቆይ፣ ይተናል ማለት ምን ማለት ነው? አልገባኝም።»

ደብተሩን ፈለገች፤ አልሰጠኋትም። ወዲያ አየች፣ ወዲህ አየች። ድስቱ ሲንተከተክ ተነሥታ ክዳኑን በጨርቅ ይዛ አነሣችው። ከክዳኑ ሥር ያቀረረው ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ወለሉ ላይ ወረደ። ክዳኑን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።

«እማዬ!» አለች። «ይኼ እኮ ነው!»

እኔም ካለሁበት ሳልነሣ፣ «አልገባኝም፤ አስረጂኝ» አልኳት።