የአጥናፉ ሥጋና የፈንታሌ እንፋሎት

ወጡ ገና ጥሬ ጥሬ እያለ ቸኩሎ እንጀራውን የሚያጠቅስ ሰው ሲታይ፣ አጠገቡ ያለው አንዲት አባባል ጣል አድርጎ ይስቃል። ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን የለም። እኔ መተሐራ ያደግሁ ሰው ነኝና ልብስ ሰፊውን አጥናፉን ሳላነሳ አላልፍም። ሌላ መነሻ አውቃለሁ የሚል ካለ የራሱን ያውራ።

አጥናፉ ደግ ሰው ነበር፤ ክፉ አመሉ ጥሬ ሥጋ ነው። ቁርጥ አለ ከተባለ የሰው ሱሪ እግሩ ሳይሰፋ ትቶ ይሮጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ኮሶ ታየበት። በሦስተኛው ሚስቱ ውድነሽ ሻንጣዋን አሰረች። "እኔ ያገባሁት ሰው ነው እንጂ የኮሶ ማደሪያ አይደለም" ብላ ምንጃር አባቷ ቤት ልትሄድ ተነሣች። ሽማግሌ ገባ፤ አጥናፉም፣ "ከእንግዲህ እሳት ሳይነካው አንዲት ቁራጭ ሥጋ በአፌ ብትገባ ውድነሽ ጥላኝ ትሂድ" ብሎ በፊታቸው ማለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጋሽ ወርዶፋ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የባቡር ሐዲድ ጠባቂ ናቸው።

አጥናፉ ሁለት ወር ሙሉ ጥብስ እየበላ ከሳ። አንድ እሑድ ጠዋት ግን ፊቱ በርቶ ተነሣ።

"ዛሬ ፈንታሌን ላሳይሽ" አላት። "እሳተ ገሞራ ደጃችን ላይ ተቀምጦ አምስት ዓመት ሙሉ ከመስኮት ብቻ እናየዋለን።"

ውድነሽ በጣም ደስ አላት። ከተጋቡ ጀምሮ ከገበያ በቀር የትም ወስዷት አያውቅም። አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ስትወጣ ዘንቢሉን ገለጥ አደረገችው። ሁለት ኪሎ ሻኛ፣ ሚጥሚጣና ቢላ አለበት፤ መጥበሻ የለም፣ ከሰልም የለም።

"በምን ልትጠብሰው ነው?"

"የተራራው ሆድ እሳት አይደል እንዴ? የኛ ምድጃ የሰው ነው፤ ያ የእግዜር ምድጃ ነው።"

ውድነሽ በጋሽ ወርዶፋ ደጅ በኩል አለፈችና፣ "ጋሼ፣ ሲምል ምስክር ነበሩ፤ ዛሬም ይምጡልኝ። ሻንጣዬ እንደታሰረ ነው" አለቻቸው። ሽማግሌው ከዘራቸውን አንሥተው ተከተሉ።

ጥቁሩን ድንጋይ ሲወጡ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የውድነሽ ጫማ ተበጠሰ፤ አጥናፉ ግን ዘንቢሉን አቅፎ እንደ ፍየል ይዘላል። እሷ ቀይ እሳት ሲንተከተክ አያለሁ ብላ ነበር። ያገኙት ከድንጋይ ስንጥቅ የሚወጣ ስስ እንፋሎት ነው።

"ይኸው ነው?" አለች።

"እሳቱ ከታች ነው።"

"እሳቱ ከታች፣ ሥጋው ከላይ።"

አጥናፉ ሥጋውን ቆራርጦ ስንጥቁ አፍ ላይ ዘረጋና አንድ አባታችን ሆይ ደገመ። አሜን ሲል አነሣው። ጠርዙ ትንሽ ነጣ ብሏል፤ ውስጡ እንደ ታረደ ነው።

"ደሙ እኮ ይንጠባጠባል" አለች ውድነሽ።

"ደም አይደለም፣ ላብ ነው። ሞቆታል ማለት ነው።"

"ጋሼ፣ ይፍረዱ። ይሄ እሳት ነክቶታል?"

አጥናፉ ቀደማቸው። "የማልኩት 'ሳይነካው' ብዬ ነው፤ 'ሳያበስለው' አላልኩም። ምን ያህል ይንካው የሚል ነገር በመሐላው ውስጥ የለም።"

ጋሽ ወርዶፋ ሥጋውን በጣታቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን በመሐረብ ጠረጉ። መሐላው ተሰብሯል ቢሉ ትዳር ሊፈርስ ነው፤ አልተሰበረም ቢሉ ውሸት ነው። የውድነሽን ፊት አዩት። መሄድ የምትፈልግ ሴት ፊት አልነበረም።

"ነገሩ ከባድ ነው" አሉ። "ለረቡዕ በቀጠሮ ይደር።"

አጥናፉ በቀጠሮው ተደስቶ ሁለቱንም ኪሎ ብቻውን ጨረሰ። ውድነሽ ጀርባዋን ሰጥታው ታች የበሰቃን ሐይቅ ስታይ ቆየች። ከንዴቱ ይልቅ ያመማት መታለሏ ነው፤ ሽርሽር የወሰዳት መስሏት ነበርና። ሻንጣዋን ግን ማታውኑ ፈታችው። አጥናፉ አሸነፍኩ አለ።

ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጋሽ ወርዶፋ ለፍርዱ መጡ። የጾም ቀን ነውና ምስር ወጥ ቀረበ፤ ለእንግዳው በአንድ ሳሕን፣ ለባል በሌላ። አጥናፉ ገና አንድ ጉርሻ ሲያኝክ ጥርሱ ቀጭ አለ። እንጀራውም ሊጥ ሊጥ ይላል።

"ውድነሽ፣ ይሄ ምስር ድስት ውስጥ የገባው መቼ ነው?"

"አንድ አባታችን ሆይ ደግሜበታለሁ።"

"እኮ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምበላው?"

"አንተ ሥጋህን ደህና አድርገህ እስክታበስል።"

አጥናፉ ወደ ሽማግሌው ዞረ። "ጋሼ፣ በፈጠረዎት ይፍረዱ። ይሄ ጠጠር ምግብ ነው?"

ጋሽ ወርዶፋ እሳቸው ፊት ያለውን፣ እንደ ቅቤ የላመውን ምስር በእንጀራ ጠቅልለው ጎረሱ፤ አላምጠው እስኪውጡም ማንንም አላዩም፤ ከዚያ የአጥናፉን ሳሕን ወደ እሱ ገፋ አደረጉና፣ "ብላ እንጂ ልጄ፤ እሳት ካየው ምን ለየው" አሉት።