ከመጨረሻው መልእክት በላይ

አንዲት ነርስ ነበረች። መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ሩቅ አገር ላካት። የሄደችበት ቦታ ከከተማ ወጣ ያለ ነው። የያዘችው ሲም ካርድ አይሠራም፤ አለ የተባለው ዋይፋይም ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ አንድ መልእክት እንኳ አያስተላልፍም። «በሰላም ገብቻለሁ» ብላ ለባሏ ጻፈች። አልሄደም። ደግማ ላከች። አሁንም አልሄደም።

ባልየው እዚህ ከትንሿ ልጃቸው ከኤፍራታ ጋር ስልኩን ይዞ ቁጭ ብሏል። እኛ ኔትወርክ ለአንድ ከሰዓት ሲጠፋ ምን እንደምንሆን እናውቀው የለ? እሱ ሳምንት ሙሉ ጠበቀ። መጠበቅ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፤ እየጠበቀ ይጽፍ ነበር።

ሥልጠናው አለቀ። ስትመለስ አውሮፕላን የምትቀይርበት ኤርፖርት ለመንገደኛ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ነፃ ኢንተርኔት ይሰጣል። ስልኳን ከፈተች። የባሏ መልእክት ተግተልትሎ ገባ። ዓይኗ መጀመሪያ ያረፈው ከሁሉ በታች ባለው፣ በመጨረሻው ላይ ነው። ምን ይላል? «እኛን ከረሳሽ ቆይቷል። እዚያው ኑሪ፤ ቤቴ እንዳትመጪ!»

ወገኖቼ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱ ነበር? እሷም ጀምራ ነበር። «እኔ እዚህ በጭንቀት ሳልቅ አንተ…» እያለች ትጽፋለች። ደቂቃው ደግሞ እየሄደ ነው።

ከዚያ ግን ተወችው። ወደ ላይ ማንበብ ጀመረች። ከዚያ ክፉ ቃል በላይ «ምን አድርጌሽ ነው?» ይላል። ከዚያ በላይ «ኤፍራታ እማዬ የት ናት እያለች ነው፤ ምን ልበላት?» ከዚያ በላይ «አሞሽ ከሆነ እባክሽ በሰው አስነግሪኝ።» ጫፍ ላይ ስትደርስ፣ የመጀመሪያው ቀን፣ አንዲት መስመር፦ «ደረስሽ ወይ የኔ እመቤት?»

አለቀሰች። «ይሄ ሰው አልጠላኝም፣ ፈርቶ ነው» አለች። የጀመረችውን አጠፋችና እንዲህ ጻፈች፦ «ኔትወርክ አጥቼ ነው እንጂ አልረሳኋችሁም። ነገ ጠዋት እገባለሁ፤ በር ክፈትልኝ።» ሄደላት። ወዲያው ኢንተርኔቱ ተቋረጠ፤ መልሱን ሳታይ ተሳፈረች።

«ከፈተላት ወይ?» ትሉኛላችሁ። በሩ ጋ ማን ይቆያል! ኤፍራታን አቅፎ ቦሌ ቆሞ አገኘችው። አንገቱን ደፍቶ፣ «ያንን ነገር… አነበብሽው?» አላት።

«ሁሉንም አነበብኩት» አለችው፤ «እስከ ላይ ድረስ።»

እግዚአብሔር የምሬታችንን የመጨረሻ መስመር ብቻ አይቶ ቢመልስልን ኖሮ ማናችን እንተርፍ ነበር? ዝም ያለን ሲመስለን ስንቱን ተናግረነዋል! እሱ ግን ከቁጣችን በላይ ያለውን ፍርሃታችንን ያነባል። ይሄ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነው።

እናንተስ? ከወንድማችሁ፣ ከእናታችሁ፣ ከጓደኛችሁ የመጣች አንዲት ክፉ ቃል ይዛችሁ ስንት ዓመት ተቀመጣችሁ? እሷኑ ብቻ አይደል ደጋግማችሁ የምታነቡት? ዛሬ ቤት ስትገቡ ወደ ላይ ሂዱ። መልስ ሳትሰጡት ያለፋችሁት አንድ ጥያቄ ታገኛላችሁ። የጠየቃችሁ ሰው አሁንም እየጠበቀ ይሆናል።