ማር ያፈለቀው ድንጋይ

አንድ ጊዜ፣ አውሬውም ከብቱም በአንድ ጥላ ሥር ይጸልይ በነበረበት ዘመን፣ ሆሳዕና የምትባል አህያ ነበረች። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት። የዘር ሐረጋቸው ጌታን በጀርባዋ ተሸክማ ኢየሩሳሌም ከገባችው አህያ ይደርሳል ብላ ታምን ስለነበር፣ ውርንጭላዋ በተወለደች ቀን ከዚህ ሌላ ስም አልታያትም።

ሆሳዕና የምትኖርበት ሸለቆ ወንዙ የማይደርቅ፣ ሣሩ የማይጠፋ ደስ የሚል ቦታ ነበር። እሑድ እሑድ ጠዋት እንስሳቱ ትልቁ ሾላ ሥር ይሰበሰባሉ። የሸለቆው ንጉሥ አያ አንበሶ ከፊት ይቀመጣል። አያ አንበሶ ከተጠመቀ ወዲህ የጎረቤት ሥጋ ቀምሶ አያውቅም፤ ዓሣ ያጠምዳል፣ ዓሣ ያጣ ቀን ደግሞ ሲነጫነጭ ይውላል። መዝሙር የምታነሣው ሆሳዕና ነበረች። ድምፅዋ እንኳን ለመዝሙር ለወፍ ማባረሪያም የሚከብድ ነው። ግን ከልቧ ደስ ብሏት ስለምትዘምር፣ እሷ ስትጀምር ሁሉም ይስቃል፤ እየሳቀም ይከተላታል።

የቅርብ ጎረቤቷ ብዙዬ የምትባል በግ ናት። ብዙዬ ጥጥዬ የሚባል አንድ ግልገል አላት። ጥጥዬ ከተወለደ ጀምሮ የኋላ እግሩ ያነክሳል። ሁለቱ ጎረቤታሞች ስለዚያ እግር ሳይጸልዩ የዋሉበት ቀን የለም፤ እግሩ ግን እንደነበረ ነው። ስለዚህ ሆሳዕና ጠዋት ጠዋት ትንበረከክለታለች፣ እሱም ጀርባዋ ላይ ይወጣል፣ ወደ መስክ ይሄዳሉ።

«ፈጠን በይ እንጂ!» ይላታል ከላይ ሆኖ።

«ከቸኮልክ አንተ ተሸከመኝ!» ትለዋለች። ሁለቱም እየሳቁ መስክ ይደርሳሉ።

ታዲያ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ጠፍቶ የከረመው ቀበሮ ብቅ አለ። አመጣጡ እንደ ድሮው በየቁጥቋጦው እየተሽሎከለከ አልነበረም። ከራሱ የሚበልጥ የእንጨት መስቀል አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንስሳቱ ሾላው ሥር እንደተሰበሰቡ በመሀል መንገድ እየተንጎራደደ መጣ።

«ሰላም ለእናንተ ይሁን!» አለ። «እኔ የምታውቁት ቀበሮ አይደለሁም። ክረምቱን በሙሉ በረሃ ገብቼ ስጾም ከርሜ፣ ብዙ ነገር ተገልጦልኝ መጣሁ። ከዛሬ ጀምሮ ነቢዩ በሉኝ።»

እንስሳቱ እርስ በርስ ተያዩ። ቀበሮው ዓይኑን ጨፈነና መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አንዲት በግ ትታየኛለች… ልጇ እግሩን ታሟል… ትናንት ወንዝ ዳር ብቻዋን ተቀምጣ አልቅሳለች…»

«እኔ ነኝ!» አለች ብዙዬ ዘልላ። «እኔ ነኝ! ማንም እኮ አላየኝም!»

አያ ጅቦ ግን አይቷታል። ከቁጥቋጦ ውስጥ ተጋድሞ ሲሰማት ቆይቶ፣ ሮጦ ሄዶ ለቀበሮው ነግሮታል። ይህንን ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

«ይቺ ምን አላት!» አለ ቀበሮው። «ተከተሉኝ!»

እየመራ ከገደሉ ሥር ወሰዳቸው። እዚያ አንድ ጨለማ ዋሻ አለ፤ ከዋሻው በር ጎን ደግሞ መሀሉ ስንጥቅ ያለበት ትልቅ ድንጋይ ቆሟል። ቀበሮው ፊቱን ወደ ድንጋዩ አዙሮ፣ «ድንጋይ ሆይ! በነቢዩ ቃል ማር አፍልቅ!» ብሎ ጮኸ።

ከስንጥቁ ውስጥ ወርቅ የመሰለ ማር እየተንቆረቆረ ወረደ። ሸለቆው በእልልታ ተናጋ። ፍየሉ ጨፈረ፣ ላሟ አነባች፣ ዶሮዎቹ እርስ በርስ ተጋጩ። ከድንጋዩ ጀርባ ጅቦ እንስራ አቅፎ እያንቆረቆረ መሆኑን ማን ይጠርጥር? አያ አንበሶ ራሱ ቀረብ ብሎ በምላሱ ላፍ አደረገ።

«ጃንሆይ» አለው ቀበሮው ጎንበስ ብሎ፣ «ስለ እርስዎም ታይቶኛል። የሸበተው ጎፈርዎ እንደ ወጣትነትዎ ሲጠቁር አይቻለሁ።»

«ሆ! ሆ!» አለ አንበሳው ጎፈሩን እየነሰነሰ። «ነቢይ ማለት እንዲህ ነው!»

ሆሳዕናም ቀመሰች። «ማሩስ ማር ነው» አለች በልቧ። ሁሉም ሲዘል እሷ ግን መዝለል አቃታት። ‹ምን ሆኛለሁ? እምነቴ ጠፍቶ ይሆን እንዴ?› ብላ አፈረች፤ ጆሮዋንም ጣለች።

ቀበሮው እጁን ዘርግቶ ጸጥ አሰኛቸው። «በሚመጣው እሑድ ግልገሎቻችሁን፣ ጥጆቻችሁን፣ ጫጩቶቻችሁን ሁሉ ወደዚህ ዋሻ ታስገባላችሁ። ያነከሰው ይሮጣል፣ የከሳው ይወፍራል። እናቶች ግን ወደ ኋላ ሳትዞሩ ወደ ቤታችሁ ትሄዳላችሁ። ወደ ዋሻው የተመለከተ ዓይኑ ይጠፋል። ለምን ብሎ የጠየቀም እምነት የለውም!»

በዚህ ጊዜ ከድንጋዩ ጀርባ ጉርርርር የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው?» አለች ላሟ ደንግጣ።

«መላእክት ናቸው» አለ ቀበሮው ፈጠን ብሎ። የጅቦ ሆድ ነበር።

ወደ ቤት ሲመለሱ ብዙዬ ደስታዋ እግሯን ከመሬት ያነሣት ይመስል ነበር። «እትዬ ሆሳዕና፣ ልጄ ሊሮጥ ነው! ሰማሽ? ሊሮጥ ነው!»

«ብዙዬ፣ ለምን ይሆን እናት እንድትሄድ የሚፈልገው?»

ብዙዬ ቀጥ ብላ ቆመች። «ማሩን አላየሽም?»

«አይቻለሁ።»

«ያለቀስኩትን አላወቀም?»

«አውቋል።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ? አንቺ ይሄን ሁሉ ጊዜ ተሸክመሽው አልዳነልሽም። አሁን ሌላ ሊያድነው ሲመጣ ቀናሽ!»

ነገሩ ሆሳዕና አንጀት ውስጥ ገባ። ብዙዬ ጥጥዬን እየገፋፋች ጥላት ሄደች። ጥጥዬ እየተንከፋከፈ ዞሮ ዞሮ ሲያያት፣ እንባዋን መግታት አልቻለችም።

ወደ ወንዙ ወረደችና ተንበረከከች። «ጌታዬ» አለች፣ «እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም። ድንጋዩ እንዴት ማር እንዳፈለቀ አላውቅም። አንተን ግን አውቅሃለሁ።» ከዚያ ስለ እሱ የምታውቀውን አንድ በአንድ ታነሣ ጀመር። የደቀ መዛሙርቱን እግር ዝቅ ብሎ ማጠቡን፤ የተራቡትን ማብላቱን፤ ሕፃናቱን ሲባርክ እናቶቻቸውን ዞር በሉ አለማለቱን። እዚህ ስትደርስ ጆሮዋ ቀና አለ። ሌላም ነገር ትዝ አላት፦ ቀበሮው ያን ሁሉ ሲናገር የጌታን ስም አንድም ጊዜ አላነሣም። ሁሉም ነገር ‹በነቢዩ ቃል› ነበር።

ተነሥታ በቀጥታ ወደ ቀበሮው ሄደች። ፀሐይ እየሞቀ አገኘችው።

«አባ፣ እሑድ ከጥጥዬ ጋር እኔም ልግባ» አለችው።

ቀበሮው ደነገጠ፤ ግን ቶሎ ፈገግ አለ። «ሆሳዕናዬ፣ አንቺን የሚመጥን ዋሻ መግባት አይደለም። አያትሽ ማንን እንደተሸከመች አውቃለሁ። አንቺም ነቢዩን ትሸከሚያለሽ! ከሸለቆ ሸለቆ አብረን እንዞራለን። ሕዝቡ ዘንባባ ያነጥፍልሻል፣ እልል ይልልሻል።»

ልቧ ዘለለ። ዘንባባው ታያት፤ እልልታው ተሰማት። የእናቷ ፊትም በደስታ ሲበራ ታያት። ከዚያ ቀና ብላ ቀበሮውን አየችው።

«አያቴ የተሸከመችው ጌታ ከጀርባዋ ወርዶ ስለ በጎቹ ሞተ» አለች። «እርስዎስ ከጀርባዬ ሲወርዱ ምን ሊያደርጉ ነው?»

«እኔማ… ዐረፍ ብዬ ምሳዬን እበላለሁ።»

«ለጥጥዬ ይሞቱለታል?»

ቀበሮው ሳቀ። «ነቢይ ከሞተ ማን ይተነብያል? ሞት የተራው እንስሳ ሥራ ነው!»

«ገባኝ» አለች ሆሳዕና። ብዙ ጊዜ ነገር የማይገባት አህያ ያን ዕለት ነገር ገባት። ወደ ቤቷ ስትመለስ ሣር እየነጨች ትዘምር ነበር።

እሑድ ጠዋት የሸለቆው እናት ሁሉ ልጇን ይዛ ከዋሻው ፊት ተሰለፈች። አያ አንበሶ ጎፈሩን አበጥሮ ከፊት ተቀምጧል። የመጀመሪያዋ ብዙዬ ነበረች። ጥጥዬን ወደ በሩ ስትገፋው፣ ሆሳዕና ሰልፉን አቋርጣ መጣችና በዋሻው በር ላይ ተጋርጣ ቆመች። አህያ አንዴ ከቆመች ማን ያነቃንቃታል?

«ዞር በይ!» አለ ቀበሮው።

«አልዞርም። መጀመሪያ አንተ ግባ፣ ቀጥሎ እኔ ልግባ፣ ከዚያ እናቶቹ ከነልጆቻቸው ይግቡ። ጌታ ልጆችን ከእናት ደብቆ አልባረከም።»

«ከሓዲ!» ብሎ ጮኸ ቀበሮው። «ጃንሆይ፣ ሰሙልኝ? ወገኖቼ፣ ሰማችሁልኝ?»

ማጉረምረም ተነሣ። ፍየሉ «አስወጧት!» አለ። ላሟም በቀንዷ ገፋ አደረገቻት። የሆሳዕና እግር ግን ከቆመበት አልተነሣም።

«ሆሳዕና» አለ አያ አንበሶ ድምፁን ከበድ አድርጎ፣ «ከነቢዩ ጋር ምን አጣላሽ?»

«አትቆጡ ጃንሆይ!» አለ ቀበሮው፣ ደረቱን ይበልጥ እየነፋ። «ምልክት ይፍረደን! ድንጋይ ሆይ! በነቢዩ ቃል ማር አፍልቅ!»

ሁሉም ወደ ድንጋዩ አዩ። ምንም የለም።

«ድንጋይ ሆይ! ማር አፍልቅ!»

ጠብ የሚል ነገር የለም። ቀበሮው ጉሮሮውን ጠራረገና ሦስተኛ ጊዜ፣ ድምፁ እስኪሰነጠቅ ጮኸ። በዚህ ጊዜ ከስንጥቁ ውስጥ ረጅም ግሳት ወጣ።

«ቀበሮ!» አለ አንድ ጎርናና ድምፅ። «አትጩህ፣ ማሩ አልቋል። እኔ ነኝ የጨረስኩት። ምን ላድርግ፣ ከጠዋት ጀምሮ አስቀምጠኸኝ ራበኝ! ጠቦቶቹስ እስከ መቼ ነው የማይገቡልኝ?»

እናቶቹ ልጆቻቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

«መ… መልአኩ ነው… በምሳሌ ነው የሚናገረው» አለ ቀበሮው።

«የምን መልአክ?» አለ ድምፁ። «እኔ ነኝ እንጂ፣ ጅቦ! ለአንተ ጫጩቶቹ፣ ለእኔ ጠቦቶቹና ጥጆቹ ተባብለን የለም እንዴ?»

አያ አንበሶ ገደሉ እስኪናወጥ አገሣ። ቀበሮው ሽሽት ሲል መስቀሉ ከቁጥቋጦ ጋር ተያዘበት፤ አንገቱን አሹልኮ መስቀሉን ጥሎ፣ ጭራውን እግሩ መሀል ወሽቆ፣ ከሸለቆው ወዲያ ሲፈተለክ ታየ። ጅቦም ከድንጋዩ ጀርባ ወጣ። ከአፍንጫው እስከ ጆሮው ማር ተለቅልቋል። ቀፏቸው የተዘረፈባቸው ንቦች ደግሞ የማራቸውን ሽታ ተከትለው ደረሱበት። «ኧረ ወየው! ኧረ ነቢዩ አድነኝ!» እያለ ወደ ወንዙ ሲሮጥ፣ እናቶቹ ልጆቻቸውን አቅፈው እያለቀሱ ሳቁ።

አያ አንበሶ አፍሮ ጎፈሩን ዝቅ አደረገ። «ሆሳዕና፣ ጅቦን አይተሽው ነበር እንዴ?»

«አላየሁትም ጃንሆይ። ማሩ አይፈስም ብዬም አይደለም የቆምኩት። እንደ ወንዝ ቢፈስ እንኳ ከዚህ በር አልነሣም ነበር። ጌታ ለበጎቹ ሞተ፤ ይሄ ደግሞ በጎቹ እንዲሞቱለት ፈለገ። ይሄን ለመለየት ማር መቅመስ አላስፈለገኝም።»

ብዙዬ ግንባሯን ከሆሳዕና አንገት ላይ ደገፈች። «እትዬ፣ ይቅር በይኝ። ያን ክፉ ቃል እንዴት ከአፌ አወጣሁት?»

«እናት ነሽ፣ ልጅሽ እንዲሮጥ ፈልገሽ ነው» አለች ሆሳዕና። «አሁንም ስለ እግሩ አብረን እንጸልያለን። ቢድን እሰየው፤ ባይድን ጀርባዬ አለ።»

ወዲያው ከወንዙ በኩል ሙሾ የመሰለ ልቅሶ ተሰማ። ጅቦ ፊቱ አባብጦ፣ ዓይኑ ተደፍኖ፣ ከጭቃው ዳር ተዘርግቶ ይቃትታል። «ይበለው!» አሉ ብዙዎቹ። ሆሳዕና ግን በኮቴዋ እርጥብ ጭቃ እየዛቀች ያበጠውን ፊቱን ትለቀልቀው ጀመር። ብዙዬ ትንሽ አመነታች፤ ከዚያ በአፏ ቀዝቃዛ ቅጠል ይዛ መጣችና ግንባሩ ላይ አኖረችለት። ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀረቡ።

ጅቦ ባበጠው ዓይኑ አጮልቆ በጓን አየና አፉን ከፈተ። «ልጅሽን ልበላብሽ አልነበረም እንዴ?» አላት።

«ነበር።»

«እንግዲያው ተአምር ማለት ይሄ ነው!» አለ ጅቦ እያለቀሰ። ጥቂት አሰበና ደግሞ፣ «ትንሽ ማር ግን አልቀረም?» ብሎ ጠየቀ።

አያ አንበሶ በሳቅ ፈርሶ ወንዙ ውስጥ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። የእንስሳቱ ሁሉ ሳቅ ከገደል ገደል እያስተጋባ እስከ ቀትር ድረስ ተሰማ።

ከዚህ የምንማረው ዓይን የሚያስደንቅ ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር እንዳልሆነ፣ የክርስቶስ የሆነውን የምንለየውም በሚያሳየው ምልክት ሳይሆን እንደ ክርስቶስ ለደካማውና ለጠላቱ ራሱን ዝቅ በማድረጉ መሆኑን ነው።