የወዲያኛው መስክና የአያ ጅቦ ስሌት

አንድ ጊዜ አንዲት ውርንጭላ እናቷን፣ «እማዬ፣ ከሞትን በኋላ እንገናኛለን?» ብላ ጠየቀቻት። እመት አህያ አፏ ሳር ሞልቶት ስለነበር አላምጣ እስክትውጥ ቆየችና፣ «እንገናኛለን። ወዲያ ማዶ የማይደርቅ መስክ አለ» አለቻት። ውርንጭላዋም ይኸው በቃትና ወደ ዝላይዋ ተመለሰች። በዚያው ዓመት ድርቅ ገባ፤ ውርንጭላዋም ሞተች።

ከዚያ ወዲህ እመት አህያ ከመንጋው ተለይታ ለብቻዋ መዋል ጀመረች። የዚያ አገር አህዮች ወንዙ ሲደርቅ አሸዋውን በኮቴያቸው ቆፍረው ነው ውሃ የሚያወጡት። ልጅ የሞተባት ደግሞ ከቆፈረችው ውሃ ጥቂት ሳትጠጣ ትተዋለች፤ «የሄዱት ድርሻ» ይሉታል። እሷም በየቀኑ ጥሟ ሳይቆረጥላት ድርሻውን ትታ ትሄድ ነበር።

አንድ ቀን ቀበሮ መጥታ ከጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እመት አህያ፣ ምነው ፊትሽ ጠቆረ?»

አህያ አንገቷን ደፋች። «ልጄን ‹እንገናኛለን› ብያት ነበር። ዋሽቻት ይሆን እላለሁ። መስኩን አይቶ የመጣ የለ። ይኼን ውሃ ማስቀመጡንም ልተወው መሰለኝ።»

ቀበሮ ደነገጠች። የሚቀመጠውን ውሃ ተደብቃ የምትጠጣው እሷ ነበረችና። ቶሎ ብላ በጥፍሯ አሸዋው ላይ መስመር አሰመረች።

«ስሚኝ እህቴ፣ እናስላው። መስኩ ካለና ካመንሽ፣ ልጅሽን ለዘላለም ታገኛለሽ። ከሌለና ካመንሽ፣ የቀረብሽ ሁለት ጉንጭ ውሃ ነው። ካለና ካላመንሽ ግን፣ እሱን እንኳ ባልናገረው ይሻላል። እንግዲህ ማመኑ ያዋጣል። ውሃውን እንደለመድሽው አስቀምጪ።»

አህያ መስመሩን ትክ ብላ አየችው። ስህተት አላገኘችበትም፤ ልቧ ግን አልሞቀም።

«እኔ የጠፋብኝ እኮ የሚያዋጣው አይደለም» አለች። «ልጄ ናት።»

ይኼን ሁሉ አያ ጅቦ ከቁጥቋጦ ውስጥ ሆኖ ሲሰማ ነበር። ምራቁን እየዋጠ ብቅ አለ።

«ስሌቷን እኔም ወደድኳት» አለ። «እመት አህያ፣ ልብላሽ። መስኩ ካለ ዛሬውኑ ልጅሽ ዘንድ ትደርሻለሽ። ከሌለም እኔ ምሳዬን በላሁ። በየትም በኩል ኪሳራ የለውም።»

ቀበሮ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለች። አህያ ግን አልሸሸችም። የልጇ ለስላሳ አፍንጫ ጎኗን የነካት መሰላት። ‹ዛሬውኑ› የሚለው ቃል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። አንድ እርምጃ ወደ ጅቡ ተራመደች፤ ከዚያ ቆመች። «‹እማዬ፣ ተጠርተሽ ነው የመጣሽው?› ብትለኝ ምን እላታለሁ?» አለች ለራሷ።

ቀና ብላም፣ «አያ ጅቦ፣ የራስህን ረሳኸው እኮ» አለችው። «መስኩ ካለ ባለቤት አለው። አንተም አንድ ቀን ትሞታለህ። እኔን በሆድህ ይዘህ ደጁ ላይ ስትቆም ምን ትለዋለህ?»

ጅቡ አፉን ከፍቶ አሰበ። «ታዲያ ምሳዬስ?»

«አንድ ምሳ በዘላለም» አለች ቀበሮ ከሩቁ፣ ውሃዋ እንዳይቀርባት ፈርታ። «አያዋጣም አያ ጅቦ።»

«ዘላለም ስንት ምሳ ይሆናል?»

«ብዙ።»

«እራትም አለው?»

«እራትም።»

ጅቡ እያጉረመረመ ሄደ።

«አየሽ፣ ስሌቴ አዳነሽ» አለች ቀበሮ።

«ከጅብ አድኖኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለች አህያ። «ውሃውንም እንደምትጠጪው አውቃለሁ፤ ጠጪ፣ ልጄም ብትኖር አትከለክልሽም ነበር። መስኩን ዛሬም አላየሁትም። ግን የምጠብቃት ስለሚያዋጣኝ አይደለም፤ እናቷ ስለሆንኩ ነው። እስክጠራ ድረስ ደግሞ መቆየት አለብኝ።»

በማግስቱ ጠዋት እመት አህያ ወደ መንጋው ወረደች። ኮቴው ተሰንጥቆ መቆፈር ያቃተው አንድ ሽማግሌ አህያ ነበር፤ ከጎኑ ቆማ አሸዋውን ትቆፍርለት ጀመር።

ከዚህ የምንማረው፣ የወዲያኛውን ዓለም በስሌት ብቻ የሚጠብቅ እንደ ጅቡ ለሆዱ እንደሚያውለው፣ በፍቅር የሚጠብቅ ግን እስኪጠራ ድረስ ከቀሩት ጋር ታግሦ እንደሚኖር ነው።