ዋንዛውና የከንቲባው መንገድ

ማስፋት ማለት ጠባብ የነበረውን ሰፊ ማድረግ ነው። ከዚያ በኋላ ስለሚሆነው ነገር ትርጉሙ ዝም ይላል።

ከንቲባ ዘርጋው የከተማውን መንገድ ለማስፋት የአንዲት ጠላ ሻጭ ደጃፍ ላይ ያለውን ዋንዛ ሊያስቆርጡ ተነሡ። ሕዝቡን ዋንዛው ጥላ ሥር ሰብስበው፣ «መንገዱ ሲሰፋ መኪናው መጨናነቁ ይቀራል፤ ጭሱም ይቀንሳል። ጭስ የሚወድ ካለ ይቃወም!» አሉ።

ከሕዝቡ መካከል ጠላ ሻጯ ተነሣች።

«ክቡር ከንቲባ፣ አምና ልጄን ስድር ሰው እንዳይጨናነቅ ብዬ ዳሱን አሰፋሁት። ይህ ሲሰማ ያልጠራሁት ሁሉ መጣ። ሰዉ እንደተጨናነቀ ዋለ፤ የወጥ ቤቴ ጭስ ግን እጥፍ ሆነ።»

«ደግሞ ሳይጠራ የሚመጣ ማን ነው?» አሉ ከንቲባው እየሳቁ።

«እርስዎም ከነመኪናዎ መጥተው ነበር፣ ጌታዬ።»

ዋንዛው እስካሁን አለ። ከንቲባው የጥሪ ወረቀት ካልደረሳቸው ሰርግ አይሄዱም።