ስንጥቁን የደበቀው ቱቦ

ጆሯችሁን ስጡኝማ። ብረትና ላስቲክ አፍ አውጥተው በሚያወሩበት፣ አህያም ሐሳቧን ከሰው በማትደብቅበት ዘመን፣ መንበሩ የሚባል አንድ ሾፌር ነበረ። መንበሩ አንዲት አሮጌ ፒካፕ መኪና ነበረችው። በየገበያው ቀን ተራራው ላይ ይወጣና፣ ሸክላ ሠሪዋ እትዬ ማንያህልሻል የሠሩትን ድስትና እንስራ ጭኖ ቁልቁል ወደ ገበያ ያወርዳል። ቀድሞ ሸክላውን የምታወርደው የእትዬ ማንያህልሻል አህያ ነበረች። መኪናዋ ከመጣች ወዲህ ግን የአህያዋ ጀርባ ድኖ፣ ፀጉር አብቅሎ፣ ግቢ ውስጥ ሣር እየጋጠች ትውላለች።

ታዲያ አንድ ቀን የመኪናዋ ሞተር ዕረፍት እምቢ አለ። መንበሩ ነዳጅ መስጫውን ሲለቀው ድምፁ ዝቅ ማለት ሲገባው፣ እንደተረገጠ ሁሉ ይጮኻል። ሾፌሮች «ሚኒሞው ከፍ ብሏል» የሚሉት ይህንን ነው። ቁልቁለቱ ላይ መኪናዋ ልሂድ ልሂድ እያለች አስቸገረችው። ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥ ከኋላ እንስራ ከእንስራ ተላተመ። ገበያ ሲደርስ ሦስቱ ተሰብረው አገኘ።

መንበሩ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ምን ሆነሃል ሲል ጠየቀው።

ሞተሩም፣ «እኔ የሰጡኝን ነው የምበላው» አለ። «ሲበዛልኝ እሮጣለሁ፣ ሲያንስልኝ አርፋለሁ። ማን እንዳበዛልኝ ግን አላውቅም።»

የሚያውቅ አንድ ነበረ። ነዳጅና አየር ከሚቀላቅለው ከካርቡሬተሩ ሥር የተሰካ ያረጀ የላስቲክ ቱቦ ነው። ከሙቀቱ ብዛት ጫፉ ተሰንጥቆ፣ በስንጥቁ በኩል ያልተጠራ አየር እየሾለከ ወደ ሞተሩ ይገባል። ሞተሩን የሚያስሮጠው ይኸው አየር ነበር። ቱቦው ይህን እያወቀ ዝም አለ። ያረጀ ላስቲክ መጨረሻው ምን እንደሆነ አይቷላ፤ የመኪናዋ አሮጌ ጎማ አጥር ሥር ተጥሎ ዝናብ ሲጠራቀምበት በየቀኑ ያያል።

መንበሩ ከነዳጅ መስጫው የሚመጣውን ሽቦ ጠረጠረ። ሽቦው ስትለቀኝ እለቃለሁ፣ ሳበኝና እየኝ አለ። ቱቦው ግን ቀስ ብሎ፣ ዝገት ይዞት ነው፣ መሐል ላይ እየነከሰ ነው ሲል ሹክ አለ። መንበሩ አመነው። ሽቦውን አውጥቶ በዘይት አሸው፣ አላልቶም መለሰው።

በሁለተኛው ገበያ አምስት ድስት ተሰበረ። አሁንም ኮፈኑ ተከፈተ፣ አሁንም ቱቦው ሹክ አለ፤ በዚህኛው ጊዜ የከሰሰው የካርቡሬተሩን ማንሻ ወደ ቦታው የሚመልሰውን ሞላ ነው። ጉልበቱ አልቋል አለ። ሞላው በጣትህ ሞክረኝ ብሎ ለመነ። መንበሩ ግን ቸኩሎ ነበር። ሞላውን ነቅሎ ከመንገዱ ዳር ወዳለው ገደል ወረወረውና በምትኩ ጠንካራ አዲስ ሞላ አስገባ። ቱቦው ሞላው ሲወድቅ ድንጋይ የመታበትን ድምፅ ሰማ።

ሞተሩ እንደጮኸ ነው። በሦስተኛው ገበያ ጠዋት መንበሩ ካቻቪቴ አነሳና ሚኒሞ የምታስተካክለዋን ትንሽ ቡሎን ይፈታት ጀመር። ፈታት፣ ፈታት፤ ለውጥ የለም።

ቡሎኗም፣ «መንበሩ፣ እኔ ማንሻውን መንካት ካቆምኩ ቆየሁ» አለችው። «ከዚህ በላይ ብትፈታኝ እወድቃለሁ እንጂ ሞተሩ አያርፍም። ጥፋቱን ሌላ ቦታ ፈልገው።»

መንበሩ ይህቺ የጣት ጥፍር የማታክል ነገር ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው ብሎ ተናደደ። ራሷ እስኪላጥ አዞራትና ጭነቱን ይዞ ወረደ። ትልቁ ኩርባ ላይ ሲደርስ መኪናዋ አልያዝ አለች፤ ፍሬኑ ላይ ቆመበት። መኪናዋ ከገደሉ አንድ እርምጃ ስትቀራት ቆመች። ከኋላ የነበረው ሸክላ ግን አንድም ሳይቀር ደቀቀ።

እትዬ ማንያህልሻል መጥተው ስብርባሪውን አዩ። አልጮኹም።

«አንተን ክፉ ነህ አልልህም» አሉት። «ግን አንዲት እንስራ አፈሯ ከተቆፈረ ጀምሮ ከእሳት እስክትወጣ ስንት ቀን እንደምንበረከክላት አታውቅም። ከእንግዲህ አህያዬን እጭናለሁ።»

መንበሩ ከእሳቸው ጭነት ሌላ ሥራ አልነበረውም። መኪናዋን ብረታ ብረት ለሚገዙት ሊሰጣት ወስኖ፣ በማግስቱ እየነዳ እትዬ ማንያህልሻልን ሊሰናበት ግቢያቸው ገባ። መኪናዋ ሞተሯ እየጮኸ፣ ኮፈኗ በሙቀቱ ምክንያት ተከፍቶ ቆመች። አጠገቧ አህያዋ ትጫናለች። ገመዱ ደረቷ ላይ ሲጠብቅ ጆሮዎቿን አቆመች። አንዴ ጀርባዋን አሰበች፣ አንዴ መኪናዋን አየች።

«መንበሩ» አለች በመጨረሻ። «ሞተርህ ሲጮህ አብሮት የሚያፏጭ አለ። ከካርቡሬተሩ ሥር ነው። አዝኜልህ አይደለም፤ ጀርባዬ እንዲያርፍ ብዬ ነው የምነግርህ።»

መንበሩ ጎንበስ ብሎ አዳመጠ። አውራ ጣቱን ስንጥቁ ላይ ሲያሳርፍ ሞተሩ ጸጥ አለ፤ ሊጠፋም ምንም አልቀረው። ጣቱን ሲያነሳ ጮኸ። ሦስት ጊዜ ሞከረው፣ ሦስት ጊዜ እንዲያው ሆነ።

«ለምን አልነገርከኝም?» ሲል ቱቦውን ጠየቀው።

«ትጥለኛለህ ብዬ» አለ ቱቦው።

መንበሩ ሞተሩን አጥፍቶ ቢላ አወጣ። ቱቦው አለቀልኝ አለ። መንበሩ ግን የቆረጠው የተሰነጠቀውን ጫፍ ብቻ ነው፤ ሁለት ጣት ቢሆን ነው። የቀረው ደህና ነበር፣ ርዝመቱም ይበቃል። መልሶ ሰካውና አጠበቀው። ሞተሩ ሲነሳ አሁን ደግሞ እየደከመ ይጠፋ ጀመር፤ ቡሎኗ ያለቅጥ ተፈትታ ነበርና። ራሷ ስለተላጠ ካቻቪቴው አልያዛት አለ። በፒንሳ ይዞ፣ ይቅርታ እየጠየቃት፣ ጥቂት በጥቂት አስገባት። ሞተሩም በልኩ መተንፈስ ያዘ።

እትዬ ማንያህልሻል ቶሎ አላመኑም። አንዲት እንስራ ታቅፈው ከጎኑ ተቀመጡና እስከ ገበያ አብረውት ወረዱ። እንስራዋ ደህና ገባች። በሚቀጥለው ሳምንት ጭነቱ ወደ መኪናዋ ተመለሰ።

መንበሩ በከንቱ የወረወረውን ሞላ ፍለጋ ገደሉ ውስጥ ሁለት ቀን ዋለ። ባዶ እጁን ሲመለስ ቱቦው አየው።

የሁለት ጣት ጥፋቱን የሸሸገ፣ ያልበደለ በእሱ ቦታ ሲወረወር ያያል። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከእኔ አፍ ወጥቷል፣ ማስቀመጫው የእናንተ ልብ ነው።