ሠርገኛውን ያስጾመው ክራር

ልጆች፣ ተጠጉ። አንተ በሩ ላይ ያለኸው፣ እግርህን ማወዛወዝህን ተው፤ የምነግራችሁ ስለ አንተ ብጤ ሰው ነው። ጆሮ ያለው ይስማ፣ የሌለው ከጎረቤቱ ይዋስ።

በድሮ ዘመን ቸኮል የሚባል ክራር መቺ ነበር። ጣቱ ፈጣን፣ ምላሱ ፈጣን፣ እግሩ ፈጣን። ሳይበላ ይነሣል፣ ሳይሰናበት ይሄዳል፣ ሳይደርስ ይመለሳል። ክራሩን ከአባቱ ወርሶታል። ከሚስቱ ከያምሮት ቀጥሎ በዓለም ላይ የሚወደው ያንኑ ክራር ነበር።

የአገሩ ንጉሥ ደግሞ ውዳሴ የሰለቸው ሰው ነው። ባለሟሉ ሲያወድሰው ይውላል፣ ዘፋኙ ሲያወድሰው ያመሻል። በታኅሣሥ ቸኮልን አስጠራው።

«በጥር ልጄን እድራለሁ። ቃል የሌለበት፣ ለስለስ ያለ፣ ማንም ያልሰማው ዜማ አምጣልኝ። የራስህ ይሁን። የሌላ ሰው ዜማ ብታመጣ ክራርህን እቀማሃለሁ» አለው።

ቸኮል ቤቱ ገብቶ ክራሩን ቃኘ፤ ምንም አልመጣም። ደግሞ ቃኘ፤ ምንም አልመጣም። ሦስተኛ ሲቃኝ አንዱ ክር ተበጠሰ። ይነሣል፣ ይቀመጣል፣ ከደጅ ወደ ጓዳ ይመላለሳል።

«አንተ ሰው፣ አዞርከኝ እኮ!» አለችው ያምሮት። «ሂድና ለስለስ ያለ ነገር ስማ። ረጋ ብለህ ሰው ሲጫወት ከሰማህ ያንተም ይመጣል።»

ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና ወንዝ ዳር ዋሽንት የሚነፉትን አያ ቢተውን አገኘ። ሽማግሌው ነፉለት፤ ዜማው እንደ ጠዋት ጉም ቀስ ይላል። ገና ሳይጋመስ ቸኮል ብድግ አለ።

«ልጄ፣ እስኪያልቅ ተቀመጥ እንጂ።»

«ገባኝ አያ፣ ገባኝ!» ብሎ የሰማትን እያፏጨ ሮጠ።

ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና መሲንቆ መቺውን አያ ድረስን አገኘ። እሳቸውም መቱለት። ገና ሳይጋመስ ብድግ አለ።

«ምነው ልጄ፣ እሳት ልትጭር ነው የመጣኸው?»

«ገባኝ አያ፣ ገባኝ!»

ሄደ፣ ሄደ፣ ሄደና ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ በገና የሚደረድሩትን አለቃ ይርዳውን አገኘ። ድምፁ ከመሬት ሥር የሚመጣ ይመስላል። የቸኮል ሆድ ባባ። ቢሆንም ብድግ አለ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር እወቅ፤ ይህ ዜማ…»

«ገባኝ አለቃ፣ ገባኝ!»

ምንም አልገባውም። በገና የጾምና የጸሎት እንጂ የሠርግ እንዳልሆነ እናንተ እንኳ ታውቃላችሁ። ቸኮል ግን ቅዳሴ ሳይጋመስ የሚወጣ፣ በሁዳዴም ቤት የማይገኝ ሰው ነውና ማን ይንገረው?

ከዚያ የዋሽንቱን ራስ፣ የመሲንቆውን ወገብ፣ የበገናውን እግር ሰፍቶ አንድ ዜማ አደረገው።

«ያንተ ነው?» አለችው ያምሮት።

«የሰፋሁት እኔ አይደለሁ?» አላት። ግን ያን ሰሞን እንቅልፍም እህልም አልተስማማው።

ሠርጉ ደረሰ። ዳሱ ሞላ፣ ሥጋው ተቆረጠ፣ ጠጁ ተቀዳ። ቸኮል መታ። ሲጀምር ሰው ራሱን ነቀነቀ። ሲቀጥል ፈገግ አለ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ግን ሊጎርስ የነበረው ሁሉ ሥጋውን መለሰ። አሮጊቶቹ ነጠላቸውን አጣፉ። ቄሱ ብድግ ብለው ቆሙ።

«ጾም ገባ እንዴ?» አለ አንዱ።

«ኧረ ማን ሞቶ ነው?» ብላ የሙሽራው እናት ጮኸች። ሙሽራዪቱም ማልቀስ ጀመረች።

ንጉሡ ፊቱ ጠቆረ። «ይህ ዜማ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው፣ ጃንሆይ» አለ ቸኮል።

«መግቢያው የኔ ነው» አሉ አያ ቢተው ከሕዝቡ መካከል።

«መሃሉ የኔ ነው» አሉ አያ ድረስ።

«መጨረሻው የኔም አይደለም፣ የእግዚአብሔር ነው» አሉ አለቃ ይርዳው።

ክራሩን ቀሙት። ቸኮል ድንጋይ ተሸክሞ ንጉሡ እግር ሥር ወደቀ። ያምሮትም አብራው ወደቀች። ንጉሡ ይህን ሲያይ ፍርዱን አቀለለ።

«ክራሩ አለቃ ዘንድ ይሰቀል። ሁዳዴን ሙሉ ተቀምጠህ ስማ። የራስህን ዜማ ካገኘህ ይመለስልሃል፤ ካላገኘህ ለፋሲካ ዶሮ ማብሰያ ይፈለጣል።»

ቸኮል ባዶ እጁን አለቃ ፊት ተቀመጠ። በመጀመሪያው ሳምንት እግሩ አላርፍ አለው። በሁለተኛው ጣቶቹ ጭኑን ሲደበድቡ ዋሉ። በሦስተኛው ሊያመልጥ ተነሥቶ በሩ ደረሰ፤ የአባቱን ክራር ግድግዳው ላይ አየና እያለቀሰ ተመለሰ። ተቀመጠ፣ ሰማ፣ ተቀመጠ፣ ሰማ።

ሆሳዕና ሲቃረብ አንድ ቀን አለቃ ደርድረው ጨረሱ። ቸኮል አልተነሣም። ቤቱ ጸጥ እንዳለ ሳያውቀው ማንጎራጎር ጀመረ፤ ቀስ ያለች፣ ቃል የሌላት ዜማ።

አለቃ ቀና አሉ። «ይህን ከማን ሰማኸው?»

ቸኮል አሰበ። ከዋሽንቱ አይደለም። ከመሲንቆው አይደለም። ከበገናውም አይደለም።

«ከማንም አልሰማሁት፣ አለቃ» አለ እየፈራ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ውሰድ ክራርህን!»

እናም ልጆች፣ የሰው ዜማ የሚሰማው የራስን ልብ ለመቀስቀስ ነው እንጂ ቆርሶ ለመሮጥ አይደለም። የሰውን እስኪያልቅ መስማት ያቃተው የራሱ ሲመጣ አይሰማውም። እኔ የያዝኩትን ተናገርኩ፤ ጉሮሮዬ ደርቋል፣ በሉ ውሃ አቀብሉኝ።